ከኳላ ላምፑር ሲንጋፖር ስንት ሰዓት ያስኬዳል?

የሁለት ከተሞችን ርቀት በኪሎ ሜትር መናገር ቀላል የሚመስለው ጠያቂው ጉዞውን እስኪጀምር ድረስ ነው። በቀድሞው ዘመን የገጠር ሰው የአንድን ቦታ ርቀት ሲጠየቅ “የግማሽ ቀን መንገድ ነው” ወይም “ማልዶ የተነሣ ለምሳ ይደርሳል” ብሎ ይመልስ የነበረው መለኪያ ስላጣ አልነበረም፤ መንገደኛን የሚያስጨንቀው ከመሬቱ ርዝመት ይልቅ የሚፈጀው ጊዜ መሆኑን ስለሚያውቅ ነው። ዘመናዊው የአየር ትራንስፖርትም ብዙ ስሌት ሠርቶና ብዙ ገንዘብ አፍስሶ በመጨረሻ የተመለሰው ወደዚሁ አነጋገር ሲሆን፣ ልዩነቱ የገጠሩ ሰው ግምት አብዛኛውን ጊዜ ልክ ሆኖ መገኘቱ ነው።

ለዚህ ነገር ማስረጃ የሚሆኑ የእስያ ከተሞች ብዙ ናቸው፤ የማሌዥያዋን ኳላ ላምፑርንና ሲንጋፖርን ያህል ጉዳዩን አፍታቶ የሚያሳይ ጥንድ ግን በቀላሉ አይገኝም። በሁለቱ መካከል ያለው የአየር መስመር በዓለም ላይ እጅግ ብዙ በረራ ከሚካሄድባቸው ዓለም አቀፍ መስመሮች አንዱ ነው፤ እስከ ፌብሩዋሪ 2018 በነበረው አንድ ዓመት ውስጥ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) 30,537 በረራዎች ተመዝግበውበት በበረራ ብዛት ከዓለም አንደኛ ሆኖ ነበር። ይህም ሁለቱን አቅጣጫዎች ደምሮ በቀን 84 በረራ ገደማ ማለት ስለሆነ፣ ከአንዳንድ የከተማ አውቶቡስ መስመር ይልቅ ምልልሱ የበዛ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ርቀቱ ስንት ነው የሚለው ጥያቄ ሲነሣ ግን ቢያንስ ሦስት መልሶች ይመጣሉ። ከመሐል ከተማ እስከ መሐል ከተማ በአየር ቢለካ 315 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከአውሮፕላን ማረፊያ እስከ አውሮፕላን ማረፊያ ቢለካ ወደ 297 ኪሎ ሜትር ዝቅ ይላል፤ በመኪና ለሚሄድ ሰው ደግሞ 350 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይሆናል። ማረፊያዎቹ ከከተሞቹ ይልቅ እርስ በርስ የመቀራረባቸው ምሥጢር የኳላ ላምፑር ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ከከተማው በስተደቡብ፣ ሴፓንግ በሚባል ቦታ መሠራቱ ነው፤ መንገደኛው ወደ ማረፊያው ሲሄድ ሳያስበው ወደ ሲንጋፖር ጉዞ ጀምሯል ማለት ነው። በአየር የተለካው ርቀት “ታላቁ ክብ” በሚባለው መሥመር የሚሰላ ሲሆን፣ ይህም ምድር ድቡልቡል በመሆኗ በገጿ ላይ ሁለት ነጥቦችን የሚያገናኘው አጭሩ መንገድ ማለት ነው። መሥመሩ የምድርን ጉብታ ተከትሎ ስለሚጎብጥ፣ በቀጥታ በመሬት ውስጥ ዋሻ ቢቆፈር መንገዱ ያጥራል ብሎ የሚከራከር ቢኖር ትክክል ነው፤ ይሁን እንጂ በ300 ኪሎ ሜትር ላይ የሚያተርፈው 28 ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ለቁፋሮው ገንዘብ የሚያበድረው ባንክ ማግኘቱ ያጠራጥራል።

ወደ ጊዜው ሲመጣ ነገሩ ይወሳሰባል። በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር የሚበር አውሮፕላን 297 ኪሎ ሜትርን በ22 ደቂቃ ሊጨርስ ይገባ ነበር፤ ነገር ግን ይህን ፍጥነት የሚያገኘው ከፍ ካለ በኋላ ነው፣ ከፍ ለማለት ደግሞ መንገድ ይፈጃል። አብራሪዎች ለመውረጃ የሚሠሩበት አንድ የቆየ የጣት ስሌት አለ፤ ለእያንዳንዱ 1,000 ጫማ ከፍታ 3 ኖቲካል ማይል መንገድ ይመደባል፣ ኖቲካል ማይል ማለት በባሕርና በአየር ጉዞ የሚሠራበት የ1,852 ሜትር መለኪያ ነው። በዚህ ስሌት 24,000 ጫማ ላይ የደረሰ አውሮፕላን ለማረፍ ከ133 ኪሎ ሜትር ያህል በፊት መውረድ መጀመር አለበት፤ መውጣቱም ከዚህ ብዙ የማያንስ መንገድ ስለሚወስድ፣ ሁለቱ ከ297 ላይ ሲቀነሱ ለአግድም በረራ የሚተርፈው የጥቂት ደቂቃ መንገድ ነው። ስለዚህም በዚህ መስመር የሚበር አውሮፕላን ረጅም በረራዎች ወደሚበሩበት 35,000 ጫማ ገደማ ለመድረስ አብዛኛውን ጊዜ አይደክምም፤ ደርሶ ምን ሊሠራ?

የዚህን ጣጣ ሙሉ ክብደት የሚሸከሙት የበረራ አስተናጋጆች ናቸው። አውሮፕላኑ በአየር ላይ የሚቆየው 40 ደቂቃ ያህል ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ ሽቅብ ሲወጣ ያለው የመጀመሪያው ክፍልና ለማረፍ ሲዘጋጅ ያለው የመጨረሻው ክፍል ሁሉም ቀበቶውን አስሮ የሚቀመጥበት ነው። በመሐል በሚቀሩት ደቂቃዎች መጠጥ ለማደል የሚወሰን አየር መንገድ ካለ፣ የቀበቶው መብራት ጠፍቶ ድምፁ እንደተሰማ ጋሪው ከጓዳ ይወጣል፤ ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ አንድ የታሸገ ጭማቂና አንድ ከረጢት ኦቾሎኒ በፈገግታ ይታደላል፤ የመጨረሻው ረድፍ ከረጢቱን ቀዶ ሳይጨርስ የመጀመሪያው ረድፍ ባዶውን እንዲመልስ ይጠየቃል፤ አብራሪውም ያን ጊዜ በድምፅ ማጉያ መውረድ መጀመሩን ያስታውቃል። ኦቾሎኒን አላምጦ መዋጥ ጊዜ የሚጠይቅ ተግባር መሆኑን በዓለም ላይ ከዚህ መስመር ተሳፋሪ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

ይህ ሁሉ ሆኖ ትኬቱ ላይ የሚጻፈው የበረራ ጊዜ 1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ገደማ ነው፤ 40 ደቂቃ የሚበር አውሮፕላን ቀሪውን ግማሽ ሰዓት የት ያደርሰዋል የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። አየር መንገዶች በፕሮግራማቸው የሚያትሙት ጊዜ በሙያው ቋንቋ “ብሎክ ታይም” ይባላል፤ ብሎክ የተባለው አውሮፕላኑ ቆሞ ሳለ እንዳይንቀሳቀስ ከጎማው ሥር የሚሸጎጠው ሽብልቅ ሲሆን፣ ተግባሩ የጭነት መኪና ረዳት ዳገት ላይ ከኋላ ጎማ ሥር ከሚያስገባት ድንጋይ የተለየ አይደለም። ሰዓቱ የሚቆጠረው ሽብልቁ ከተነሣበት ቅጽበት አንሥቶ መድረሻው ላይ እንደገና እስከሚሸጎጥበት ድረስ ነው፤ በዚህ መሐል አውሮፕላኑ ወደ ኋላ ይገፋል፣ ሞተሩን ያስነሣል፣ በሰፊው የማረፊያ ግቢ ውስጥ እየዞረ ወደ መንደርደሪያው ይሄዳል፣ እዚያም ከፊቱ ካሉት ጋር ተሰልፎ ተራ ይጠብቃል። አየር መንገዶች በዚህ ላይ ለመጠባበቂያ የሚሆን ጥቂት ደቂቃ ጣል ያደርጉበታል። በዘርፉ ልማድ አንድ በረራ ከተባለው ጊዜ እስከ 15 ደቂቃ ዘግይቶ ቢገባ እንኳ “በሰዓቱ ደረሰ” ተብሎ ስለሚመዘገብ፣ መጠባበቂያውና ይህ ምሕረት አንድ ላይ ሲደመሩ ግማሽ ሰዓት ዘግይቶ የተነሣ አውሮፕላን ሰዓት አክባሪ ተብሎ ሊመሰገን ይችላል። በቀጠሮ ባህሉ የሚታማ ሕዝብ ሁሉ ይህን ደንብ ቢያውቅ ኖሮ ሐሜቱ ባልደረሰበት ነበር።

የዚህ መስመር አንዱ መልካም ጠባይ መሄጃውና መመለሻው እኩል ጊዜ መፍጀታቸው ነው፤ ይህ ደግሞ በእስያ ለሁሉም የታደለ ጸጋ አይደለም። ከዴልሂ ወደ ቶኪዮ የሚበር አውሮፕላንና ከቶኪዮ ወደ ዴልሂ የሚመለሰው፣ በተለይ በብርዱ ወራት፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ሊለያዩ ይችላሉ፤ ርቀቱ ግን ያው ነው። ምክንያቱ “ጄት ስትሪም” የሚባለው፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ በከፍታ ላይ እንደ ወንዝ የሚፈስ ብርቱ ነፋስ ሲሆን፣ ወደ ምሥራቅ የሚሄደውን ከኋላ ይገፋዋል፣ ወደ ምዕራብ የሚመለሰውን ፊት ለፊት ይገጥመዋል። ይህን ነፋስ በ1920ዎቹ ከቶኪዮ ሰሜን ምሥራቅ በሚገኘው በታቴኖ የአየር ጠባይ ጣቢያ ፊኛ እየለቀቀ የመዘገበው ዋሳቡሮ ኦይሺ የሚባል ጃፓናዊ የሜትዎሮሎጂ ሊቅ ነበር። ሊቁ ግኝቱን ዓለም ሁሉ ያነበው ዘንድ በመመኘት በ1926 ያሳተመው በኤስፔራንቶ ቋንቋ ነው፤ ኤስፔራንቶ ማለት የሰው ልጆች ሁሉ በጋራ እንዲግባቡበት ታስቦ የተፈጠረ ቋንቋ ሲሆን፣ ውጤቱም ጽሑፉን ከጃፓን ውጪ የሚያነበው ሰው እምብዛም አለመገኘቱ ሆነ። በ1944 ወደ ጃፓን የዘመቱ የአሜሪካ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ያንኑ ነፋስ በራሳቸው ክንፍ አግኝተው ተደነቁ። ኳላ ላምፑርና ሲንጋፖር ለምድር ወገብ በጣም የቀረቡ በመሆናቸው ይህ ነፋስ አይደርስባቸውም፤ የሚያዘገያቸው ከሰዓት በኋላ የሚነሣው የመብረቅና የዝናብ ደመና ነው፣ እሱ ደግሞ አድልዎ አያውቅም፤ ሂያጁንም ተመላሹንም እኩል ያስጠብቃል።

መንገደኛው ግን የሚኖረው በአውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ አይደለም፤ ጊዜው የሚበላውም እዚህ ላይ ነው። በ1998 የተከፈተው የሴፓንግ ማረፊያ ከኳላ ላምፑር መሐል ከተማ ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ ከማዕከላዊው ጣቢያ የሚነሣው ፈጣን ባቡር 28 ደቂቃ ይፈጅበታል፣ ወደ ባቡሩ ጣቢያ ለመድረስ የሚፈጀው ደግሞ በከተማው የመኪና መጨናነቅ ፈቃድ የሚወሰን ስለሆነ በቁጥር አይነገርም። ዓለም አቀፍ ተጓዥ ቢያንስ ከ2 ሰዓት በፊት እንዲገኝ ይመከራል፤ የሚበረው 40 ደቂቃ ይሁን 14 ሰዓት ምክሩ አይለወጥም። በፍተሻው ላይ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ፈሳሽ ይወረሳል፣ ቀበቶ ይፈታል፣ ጫማ የሚወልቅበትም ቀን አለ፤ ዱሪያን የሚባለውን፣ ጣዕሙ የሚወደድ ጠረኑ ግን ጎረቤት የሚያጣላ የአካባቢውን ፍሬ በእጁ ይዞ ለመሳፈር የሚሞክር ካለ ደግሞ የጉዞው ርዝመት በድርድሩ ልክ ይጨምራል። ሲንጋፖር ሲደረስም የቻንጊ ማረፊያ ከመሐል ከተማው በስተምሥራቅ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ ገና ታክሲ ወይም ባቡር አለ። ከቤት ደጃፍ እስከ ሆቴል ደጃፍ ቢደመር 5 ሰዓት አካባቢ ይመጣል፤ 300 ኪሎ ሜትር ለዚህ ሲካፈል በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ነው፣ ይኸውም የአንድ ጥንቁቅ የሕዝብ ማመላለሻ ሾፌር ፍጥነት ነው።

ይህ ስሌት አንድ አስገራሚ ነገር ያስከትላል፤ ቀርፋፋ አውሮፕላን ከፈጣኑ ሊቀድም ይችላል። ከከተማው ብዙ በማይርቀው በአሮጌው የሱባንግ ማረፊያና በሲንጋፖር መካከል በፕሮፔለር የሚበር አነስተኛ አውሮፕላን ሲመላለስ፣ በአየር ላይ ከጄቱ ቢዘገይም በመሬት ላይ ያተርፍ ነበርና የንግድ ሰዎች ይመርጡት ነበር። ይሁን እንጂ በረራው በሲንጋፖር በኩል ወደ ሰለታር ማረፊያ ሲዛወር፣ አውሮፕላኖች እዚያ የሚያርፉበት አዲስ የአቀራረብ መሥመር በማሌዥያዋ በፓሲር ጉዳንግ ሰማይ ላይ የሚያልፍ በመሆኑ በሁለቱ መንግሥታት መካከል ክርክር ተነሥቶ፣ በረራው ከዲሴምበር 2018 እስከ ኤፕሪል 2019 ድረስ ተቋርጦ ቆየ። በእነዚያ ወራት በሁለቱ ማረፊያዎች መካከል ያለው ርቀት በኪሎ ሜትር አልተለወጠም፤ በጊዜ ሲለካ ግን አምስት ወር ያህል ነበር።

መንግሥታት ርቀትን በዚህ ዓይነት ማርዘምና ማሳጠር የጀመሩት ዛሬ አይደለም። በ1947 ማላያን ኤርዌይስ የተባለው ድርጅት ከሲንጋፖር ወደ ኳላ ላምፑር፣ ኢፖና ፔናንግ መደበኛ በረራ ሲጀምር መንገደኛው ከአንድ የእንግሊዝ ግዛት ወደ ሌላው የሚሸጋገር ነበር። በ1963 ሲንጋፖር ከማሌዥያ ጋር ስትዋሐድ ጉዞው የሀገር ውስጥ ጉዞ ሆነ፤ ኦገስት 9 ቀን 1965 ስትለይ ደግሞ ርቀቱ አንድ ሜትር ሳይጨምር ዓለም አቀፍ ሆነና፣ ከ1967 ጀምሮ ፓስፖርት መጠየቅ መጣ። ሁለቱ መንግሥታት ከተፋቱም በኋላ አየር መንገዳቸውን እስከ 1972 በጋራ ይዘው ቆይተው ነበር፤ ከዚያ ግን ንብረት ተካፍለው ዛሬ የየራሳቸው የሆኑትን ሁለት አየር መንገዶች አቋቋሙ። ረጅም ዘመን መስመሩን እነዚሁ ሁለቱ ብቻ ይዘውት ስለነበር የትኬቱ ዋጋ ከርቀቱ ጋር የማይመጣጠን ሆኖ ኖረ፤ በ2008 ርካሽ አየር መንገዶች ሲፈቀድላቸው ነው ኦቾሎኒ የማይታደልበት ዘመን የገባው።

ፍቺው ሙሉ በሙሉ እንዳልተጠናቀቀ የሚያሳየው ሌላው ነገር ሰማዩ ነው። በ1974 በተደረሰ ስምምነት የደቡባዊው የጆሆር ግዛት ሰማይ የበረራ ቁጥጥር ለሲንጋፖር ስለተሰጠ፣ ከኳላ ላምፑር የሚመጣ አውሮፕላን የማሌዥያን መሬት ሳይለቅ የሚያነጋግረው የሲንጋፖርን ተቆጣጣሪዎች ነው። ለዚህ ዓይነቱ ግራ መጋባት ግን ከአውሮፕላኑ ይልቅ ባቡሩ የተሻለ ታሪክ አለው። በሲንጋፖር መሐል የሚገኘው የታንጆንግ ፓጋር የባቡር ጣቢያ የማሌዥያ ምድር ባቡር ይዞታ ስለነበር፣ የማሌዥያ የኢሚግሬሽን መኮንኖች በሲንጋፖር እምብርት ተቀምጠው መንገደኛ ያስተናግዱ ነበር። ሲንጋፖር በ1998 የራሷን ቁጥጥር ድንበር አጠገብ ወዳለው ወደ ውድላንድስ ስታዛውር ማሌዥያ በበኩሏ ከጣቢያው አልነቃነቅ አለች፤ በዚህም ምክንያት ለ13 ዓመታት ያህል ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው በመጀመሪያ ታንጆንግ ፓጋር ላይ ወደ ማሌዥያ ይገባና፣ ከዚያ ግማሽ ሰዓት ያህል በሲንጋፖር ውስጥ ተጉዞ ውድላንድስ ሲደርስ ከሲንጋፖር ይወጣ ነበር። በሕግ ረገድ ሳይወጡ መግባት እንዴት እንደሚቻል ያስተማረ ሌላ ጣቢያ በታሪክ ስለመኖሩ መረጃ ቢፈለግ ብዙ ድካም ይጠይቃል። ክርክሩ በመሬት ልውውጥ አልቆ ጣቢያው ጁን 30 ቀን 2011 ሲዘጋ፣ የመጨረሻውን ባቡር ከሲንጋፖር ይዘው የወጡት በመዘውሩ ላይ የተቀመጡት የጆሆሩ ሱልጣን ኢብራሂም ራሳቸው ነበሩ፤ ሱልጣኑ ከ2024 ጀምሮ የማሌዥያ ንጉሥ ናቸው።

የብስ መንገዱም የራሱ ጠባይ አለው። አውቶቡሱ ከኳላ ላምፑር ተነሥቶ በሰፊው የሰሜን ደቡብ አውራ ጎዳና፣ በፓልም ዛፍ እርሻ መካከል፣ ወንበሩ ወደ ኋላ እየተለጠጠና እየተወዛወዘ ሲሄድ ከአውሮፕላኑ በእጅጉ ይመቻል፤ ችግሩ የሚጀምረው የማሌዥያ የድንበር ከተማ በሆነችው በጆሆር ባሕሩ ላይ ነው። እዚያ ከ1924 ጀምሮ የሚያገለግል፣ 1,056 ሜትር ርዝመት ያለው በባሕር ላይ የተደለደለ መንገድ ሁለቱን ሀገሮች ያገናኛል፤ በቀን ከ300,000 በላይ ሰው ይተላለፍበታል ስለሚባልም አንድ ኪሎ ሜትሩ እንደ ቀኑ ሁኔታ በእግር ከመሄድ የባሰ ሊዘገይ ይችላል። መንገደኛው ሻንጣውን ይዞ ወርዶ የማሌዥያን መውጫ ያስመታል፤ ተመልሶ ይሳፈራል፤ ድልድሉን ይሻገራል፤ ሻንጣውን ይዞ እንደገና ወርዶ የሲንጋፖርን መግቢያ ያስመታል፤ ሲወጣ ደግሞ አውቶቡሱ ጠብቆት እንደሆነ ያያል። በተገላቢጦሹ አቅጣጫ በራሱ መኪና የሚሄድ የሲንጋፖር ነዋሪ የነዳጅ ታንኩ ቢያንስ ሦስት አራተኛ ሳይሞላ ከሀገር መውጣት በሕግ ተከልክሏል፤ ዓላማው በማሌዥያ ርካሽ ቤንዚን እየሞላ እንዳይመለስ ነው፤ በዚህም ሲንጋፖር ሰው ሲወጣ የሆዱን ሙላት የምትፈትሽ ብቸኛ ሀገር ባትሆንም የመኪናውን የምትፈትሽ መሆኗ እርግጥ ነው። ድንበሩ በጎ ቀን የዋለ እንደሆነ አውቶቡሱ በ5 ወይም በ6 ሰዓት ከተማው መሐል ያደርሳል፤ ይህንንና ከላይ የተደመረውን የአውሮፕላን ጉዞ ጎን ለጎን ያስቀመጠ አንባቢ ትኬት ከመቁረጡ በፊት ያስባል።

ይህን ሁሉ በ90 ደቂቃ ያሳጥራል የተባለ የፈጣን ባቡር ስምምነት በዲሴምበር 2016 ተፈርሞ ነበር። 350 ኪሎ ሜትር የሚሆነው ሐዲድ በ2026 እንዲጠናቀቅ ታቅዶ ሳለ፣ የማሌዥያ መንግሥት ሲለወጥ በወጪው ምክንያት ተላለፈ፣ በ2020 መጨረሻም ስምምነቱ ፈረሰ። ማሌዥያ ለተደረገው ዝግጅት ካሣ 102.8 ሚሊዮን የሲንጋፖር ዶላር ገደማ ከፈለች፤ ሳይሳፈሩ የተከፈለ እጅግ ውድ የባቡር ትኬት ይሏል ይህ ነው።

የሚቀረው የሰዓቱ ጉዳይ ነው፤ ይህ ደግሞ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ልዩ ጣዕም አለው። ፀሐይ በሲንጋፖር ላይ የምትወጣው ከኳላ ላምፑር በአማካይ ስምንት ወይም ዘጠኝ ደቂቃ ያህል ቀድማ ነው፤ ሁለቱም ግን በአንድ ሰዓት ይተዳደራሉ፣ ያም ሰዓት ከግሪንዊች በ8 ሰዓት የሚቀድም ነው። በመልክዓ ምድራቸው የሚገባቸው 7 ሰዓት ያህል ነበር፤ በ1905 የተደነገገላቸውም ይኸው ነበር። ከዚያ በ1933 ሲንጋፖር 20 ደቂቃ ጨመረች፤ በ1941 ሌላ 10 ደቂቃ ተጨመረ፤ በ1942 የጃፓን ጦር ሲይዛቸው ሰዓታቸው የቶኪዮ ሆኖ ወደ 9 ዘለለ፤ ጦርነቱ ሲያልቅ ወደ 7 ሰዓት ተኩል ተመለሰ። በመጨረሻም ጠቅላይ ሚኒስትር ማሃቲር ሞሃማድ የማሌዥያን ልሳነ ምድር በቦርኒዮ ደሴት ካሉት ከሳባና ከሳራዋክ ግዛቶች ጋር በአንድ ሰዓት ለማስተዳደር ሲወስኑ፣ ዲሴምበር 31 ቀን 1981 ከምሽቱ 5 ሰዓት ተኩል ላይ ሰዓቱ በአንድ ጊዜ እኩለ ሌሊት ተባለ፤ የዚያ ዓመት የመጨረሻ ግማሽ ሰዓት ሳይኖርበት ቀረ። ሲንጋፖርም ወዲያው ተከተለች። ባትከተል ኖሮ ወደ እሷ የሚሄደው 1 ሰዓት ከ10 የሚፈጅ በረራ በግድግዳ ሰዓት ሲታይ 40 ደቂቃ፣ የመልሱ ደግሞ 1 ሰዓት ከ40 ይሆን ነበርና፣ የዴልሂና የካትማንዱ መንገደኞች በኔፓልና በሕንድ መካከል ባለችው የ15 ደቂቃ ልዩነት የሚያደርጉትን ዓይነት ሒሳብ እነዚህም በየዕለቱ በሠሩ ነበር።

ከዚህ ሁሉ ማስተካከያ የተነሣ በሁለቱ ከተሞች ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ የምትወጣው በእነሱ አነጋገር ከጠዋቱ 7 ሰዓት አካባቢ ነው፤ ይህም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ቢነገር 1 ሰዓት ማለት ነው፣ ቀትራቸውም 6 ሰዓት መሆኑ ቀርቶ ወደ 7 ይጠጋል። ስለዚህ በዚህ መስመር የሚጓዝ ኢትዮጵያዊ ትኬቱ ላይ 07:30 የሚል ቢያይ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል መሆኑን አስቀድሞ ይረዳ፤ ሻንጣ ለማስመዝገብ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሴፓንግ መገኘት፣ ለዚያም 10 ሰዓት ሳይሞላ መነሣት ይኖርበታል። ፀሐይ ብቅ የምትለው የመሳፈሪያው በር ሊዘጋ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ነው።